የእትየ ጠጄ ጳጉሜን

እትየ ጠጄ መሞቷን የነገረኝ ከወረታ የመጣ የአገሬ ሰው ነው። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ «ጠጄ ዐረፈች እኮ፤ ነሐሴ ሊወጣ ሲል ቀበርናት» አለኝ። እኔ ደግሞ አፌ እንዳመጣልኝ «እሰይ! እንኳን ጳጉሜን ሳይገባባት!» ብየ ጮኽሁ። ሰውየው ደንግጦ አየኝ። ምነው አይደነግጥ! ስንት ዘመን በአንድ አጥር ተዋስነን የኖርን ሰዎች ነን፤ ጎረቤት ሲሞት እሰይ ይባላል? እንባዬ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከመጣ ወዲያ ደግሞ መመለሻ አጣሁለት።

ሰውየው ሊሄድ ከተነሣ በኋላ አንድ ነገር ከነከነውና ቆመ። «እኔ ምለው ውባለም፣ ጠጄ ከነሞላ ጋር ታርቃ የለም ወይ? ያን ጊዜ አገር ምድሩ እልል ብሎላት የለም ወይ? ታዲያ ለምን ሳትቆርብ ሞተች? ቄሶቹ ራሳቸው ግራ ገብቷቸዋል» አለኝ።

አውቃለሁ። ግን በር ላይ ቆሞ የሚነገር ነገር አይደለምና «እንጃ» ብየ ሸኘሁት። ዛሬ ልናገረው። የነገሩ ባለቤቶች ሁሉ አልፈዋል፤ ከእንግዲህ ማንን ይጎዳል?

እኔ ፎገራ የገባሁት በጋብቻ ነው፤ በጃንሆይ ዘመን፣ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ገደማ። ደጋ ተወልጀ ደጋ ያደግሁ ሰው ነኝ። መጀመሪያው ክረምት ላይ ርብ ሞልቶ ወጥቶ ያን ሁሉ ሜዳ ሲውጠው፣ ቤቶቹ ጉብታ ጉብታው ላይ ብቻቸውን ሲቀሩ፣ ከብቱ ወደ ከፍታው ሲነዳ ሳይ፣ ያባቴ አምላክ፣ ምን አገር ነው የሰጡኝ ብየ ተንቀጠቀጥሁ። ያኔ በአጥሬ ላይ አንድ ረዥም፣ ቀጭን፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ብቅ አለች። «አንች የደጋ ልጅ፣ አትፍሪ፤ ውኃው እኛን አይወስደንም። ወስዶስ ምን ሊያደርገን?» አለችና ሳቀች። እርስዎ ብየ ብመልስላት ተቆጣች። «ስንት ሰው ሆኘ ታየሁሽ? አንች በይኝ» አለች። በእናቴ ዕድሜ ያለችን ሴት አንች ስል የኖርሁት በትእዛዝ ነው።

ቅቤ ነጋዴ ነበረች። ወረታ ገበያ አብረን እንሄዳለን። አቤት ውሸቷ! የሰነበተውን ቅቤ ከፍታ «ዛሬ ጧት የተናጠ ነው፤ ካልሆነ ጊደሬ ትሙት!» ትላለች። ጊደር የላትም። ገዥው አሽትቶ ፊቱን ሲያኮሳትር «አፍንጫህ ነው የበሰበሰ፣ ሄደህ ታጠበው» ትለዋለች፤ ሰውየው እየሳቀ ይገዛታል። አንድ ቀን ስንመለስ «እትየ ጠጄ፣ ይኸ ሁሉ ውሸት ኀጢአት አይሆንም ወይ?» ብላት፣ ሸክሟን አስተካክላ «ለሰውማ እዋሻለሁ። ሰውም እኔን ይዋሸኛል፤ ተቻቻልን። የማልዋሸው ለእግዜር ነው» አለች። «እሱ ፊት በምን አፌ?»

ይኸን ስትል አልሳቀችም። እኔ ግን ያኔ ከምኑም አልቆጠርሁት።

ባሏ ቀድሞ ሞቶባታል። የነበራት አንድ ልጅ ነው፣ ፈንታሁን የሚባል። እኔ ከመምጣቴ በፊት ባለው ዓመት፣ የጎረቤቶቹ የነሞላ በሬዎች ሽምብራው ውስጥ ገቡ፤ ፈንታሁን ሊያስወጣ ሄደ፤ አንተ አንተ ተባባሉ፤ ሞላ በያዘው ዱላ አንዴ መታው። አንዴ ብቻ። ፈንታሁን እዚያው ቀረ። ሁለቱ አብሮ አደጎች ነበሩ፤ በአንድ ታንኳ ዓሣ ሲያጠምዱ ያደጉ። ሞላ ከዚያው ወደ ቆላ ጠፋ። ከማሳው ማዶ ያለችው እናቱ እትየ አንጓች፣ እሷም ባል የሌላት፣ ልጇ በሕይወት እያለ እንደሞተባት ሆና ቤቷን ዘግታ ተቀመጠች።

ደም ሳይደርቅ አገር አይተኛምና ሽማግሌዎች ገቡበት። የዕርቁን ቀን እኔም ነበርሁ። የኛ ሚካኤል ደጅ፣ ሾላው ሥር፣ ወንዶቹ በወዲህና በወዲያ ተደርድረው ተቀመጡ፤ እኛ ሴቶቹ ከኋላ። ሞላን ፊቱን ሸፍነው፣ ድንጋይ አሸክመው አመጡት። የእትየ ጠጄ ባል ወንድሞች ተነሡ። ሽማግሌው «ይቅር በሉ» አሉ፤ እነሱም «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ። ድንጋዩ ወረደ። በግ ተጎተተ። ሁሉም ተንፈስ አለ።

«እኔስ?»

ዞር ብንል እትየ ጠጄ ናት። ከሴቶቹ መሀል ቆማለች።

«የወንዶቹ ቃል ያንችም ቃል ነው፣ ጠጄ። ደሙ ደርቋል» አሏት ሽማግሌው፣ በደግ አነጋገር።

«ያማጡት እነሱ ናቸው?» አለች። «እናንተ ታረቁ፤ ደግ አደረጋችሁ፤ አገሩም ሰላም ይሁን። ክፉ አልመኝም። ግን እኔ አላልሁም። ኋላ ብላለች እንዳትሉኝ አሁኑኑ ነው የምነግራችሁ።»

ቁጭ አለች። በጉ ታረደ፤ ተበላ። ወግ ሆኖ እናት አትጠየቅማ! የወንዱ ቃል ይበቃል ተብሎ የተኖረበት ነው፤ እሷም በወጉ አልተጣላችም። ልቧን ግን ማንም እንደወከለላት አልቆጠረችውም።

እዚህ ላይ ሰው እንዳይሳሳትብኝ። በቀል አትፈልግም ነበር። አንድ የባሏ ዘመድ ጠላ ሞቅ ሲያደርገው በሞላ ላይ ቢዝት «ዝም በል! እሱ ቢሞት ፈንታሁን ይነሣል?» ብላ አፉን አስይዛዋለች። እሷ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይቅር ማለት። ከልቧ። ይቅር ብላ፣ ቆርባ፣ ልጇ ወደሄደበት በንጹሕ መሄድ። ይኸን ነው ያጣችው። ከፈንታሁን በፊት ቆራቢ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ሳይከለክላት ራሷን ከለከለች። ቅዳሴው ላይ ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ የሚለው ቦታ ሲደርስ፣ ነጠላዋን ሰብስባ ትወጣለች፤ ከቅጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። እኔ ሳፍር እሷ አታፍርም። «እሱ እያየኝ የማላደርገውን አደርጋለሁ ልበል?» ትለኛለች።

እና ጳጉሜን ይመጣል።

ሌላው ሰው ጳጉሜንን ይወደዋል። ቤቱን ይለቀልቃል፤ ለዮሐንስ ጠላ ይጥላል፤ ጧት ጧት ወንዝ ወርዶ ይጠመቅና ያሮጌውን ዓመት እድፍ አራግፎ ይወጣል። የተጣላ ይታረቃል፤ የነፍስ አባት ዘንድ ይኬዳል። እትየ ጠጄ ግን ነሐሴ ሲጋመስ ጀምሮ ፊቷ ይጠቁራል። «መጣብኝ» ትላለች፣ ቀማኛ የሚመጣባት ይመስል። «ቂም ይዞ ዘመን መሻገር ሬሳ አዝሎ ወንዝ መሻገር ነው፣ ውባለም። አንድም ትሰጥሚያለሽ፣ አንድም ይሸትሻል።» አምስቱንም ቀን ትጾማለች፤ የፈቃድ ጾም ነው፣ ግድ የለበትም፤ እሷ ግን ውኃ እንኳ የምትቀምሰው ፀሐይ ሲያዘነብል ነው። ጎሕ ሲቀድ ውኃው ውስጥ ናት። ስትወጣ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ።

አንድ ዓመት በሩፋኤል ዕለት ዝናቡ ወረደ። በሩፋኤል ሰማይ ይከፈታል፤ የዚያን ዕለት ዝናብ ጠበል ነው፤ ያገሩ ሴትና ልጅ ሁሉ ወጥቶ ይደበደብበታል። እኛ እየተሯሯጥን፣ እየተሳሳቅን ስንታጠብ፣ እትየ ጠጄ ብቻዋን ራቅ ብላ፣ ነጠላዋን ጥላ፣ ፊቷን ወደላይ ሰጥታ ቆማለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ዝናቡ አባርቶም ቆማ ነበር። ኋላ እቤቴ ገብታ እሳት ዳር ቁጭ አለች።

«ምን ስትይ ነበር?» አልኋት።

«ይቅር ልል።»

«እና አልሽ?»

«በአፌማ ይወጣል። በአፌ ምን ቸገረኝ? ልቤ ግን "አንች ውሸታም" አለኝ።» እሳቱን በእንጨት ቆሰቆሰችው። «የገዛ ልቤ እኮ ነው። ምን ላድርገው? አውጥቸ ላጥበው?»

የነፍስ አባቷ መምሬ ይሁኔ፣ እግዜር ነፍሳቸውን ይማርና፣ ደግ ሰው ነበሩ፤ ግን ቶሎ ይቆጡ ነበር። በየጳጉሜኑ ይመጣሉ። በአጥሩ በኩል ንግግራቸው ይሰማኛል፤ ሁለቱም ድምፃቸው ትልቅ ነው፣ ምሥጢር የሚባል አያውቁም። «በአፍሽ ጀምሪው ልጄ፤ ልብ ኋላ ይደርሳል» ይላሉ። «አባቴ፣ ይኸው ስንት ጳጉሜን ጠበቅሁት፤ የት ቀረ?» ትላለች። ስግደት ያዝዟታል፤ ጉልበቷ እስኪላጥ ትሰግዳለች፤ ተመልሰው ይመጣሉ፤ ያው ነው። አንድ ጊዜ ተናደው «እንግዲያውስ ሰይጣን ይዞሻል!» ብለው ጮኹ። «ያዘኝ እኮ አባቴ! ያስለቅቁኛ!» ብላ እሷም ጮኸች። መምሬ ሲወጡ እኔን አዩኝና ቆሙ። «ይኸችን ሴት ምን ላድርጋት? ስንቱን አስታራቂ ነኝ፤ ዋሽቶ ይቅር ያለውን ሁሉ ፈትቸ አቆርባለሁ፤ እውነቱን የምትናገረውን አስቀርቸ እሄዳለሁ» አሉ።

በጳጉሜን መጨረሻ ቀን ደግሞ ልማድ ነበራት። ንጹሕ ልብሷን ትለብስና ማሳውን ተሻግራ ወደነአንጓች ቤት ትሄዳለች። እትየ አንጓች ይኸን ታውቃለች፤ ቤቷን ከፍታ፣ ደጃፏ ላይ በርጩማ አውጥታ ትጠብቃለች። ሞላ ከዕርቁ በኋላ ወደናቱ ተመልሶ ነበርና የዚያን ቀን ዓይን እንዳይጋጭ ብሎ ከብቱን ይዞ ይርቃል። አንድ ዓመት አብሬያት ሄድሁ። ደጁ ስንደርስ አንጓች ከበርጩማዋ ተነሣች፤ ትንሽ፣ ኮሳሳ ሴት ናት። ነጠላዋን በሁለት እጇ ይዛ ብቻ ቆመች። እትየ ጠጄ አፏን ከፈተች። ዘጋችው። ከፈተችው። ከዚያ ዞራ በመጣችበት መንገድ መሄድ ጀመረች፤ እኔም ተከተልኋት። መንገድ ላይ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች።

«እኔ ምን ዓይነት ክፉ ሴት ነኝ ውባለም? ያችን ምስኪን ደጅ አስጠናታለሁ። እግዜርን ደጅ አስጠናዋለሁ። ምነው ልቤን ለሌላ ሰው ሰጥቶት በነበር!» ብላ አለቀሰች። አብሬያት ጭቃው ላይ ተቀመጥሁ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ዓመታት አለፉ። ከዚያ ያ የርብ ሙላት መጣ።

እንደዚያ ዓመት ውኃ አይቸ አላውቅም። ጣናና ርብ ተገናኝተው ሜዳው የቱ ወንዝ፣ የቱ ሐይቅ እንደሆነ የማይለይ ሆነ። ከጉብታ ወደ ጉብታ በታንኳ ካልሆነ አይኬድም። እትየ አንጓች ከነሐሴ ጀምራ ታማለች ይባላል፤ ግን ማን ሄዶ ይጠይቃት? የጳጉሜን መጨረሻ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እትየ ጠጄ ንጹሕ ልብሷን ለብሳ ውኃው ዳር ቆማለች፤ መሻገሪያ የለም። እኔ «ዘንድሮስ ይቅርብሽ፤ እግዜር ያያል» እላታለሁ። እንዲህ ስንባባል ከማዶ አንድ የደንገል ታንኳ ብቅ አለች። ሰውየው ቆሞ በረዥም ዘንግ ይገፋል። ሲቀርብ ሞላ ነው።

ዳር ላይ ሳይደርስ ቆመ። ዓይኑን መሬት፣ ምን መሬት አለ፣ ውኃው ላይ ተክሎ «እናቴ እየሞተች ነው» አለ። «ዘመን ሳይለወጥ ጠጄን አምጣልኝ ብላኝ ነው። የኔን ፊት እንዳያዩ ሌላ ሰው ልልክ ነበር፤ ታንኳ ያለው አጣሁ።»

ልጇን በገደለው ሰው ታንኳ፣ በዚያ ሁሉ ውኃ መሀል! እትየ ጠጄ ታንኳዋን አየች። ከዚያ ቀሚሷን ሰበሰበችና ገባች። «ነይ አንችም» አለችኝ። ዋና አልችልም፤ ግን ብቻዋን ልልካት? እመቤቴን እየጠራሁ ገባሁ። ጀርባዋን ለሞላ ሰጥታ ተቀመጠች። ሞላ መግፋት ጀመረ። የሚሰማው ዘንጉ ውኃውን ሲቀዝፈው ብቻ ነው።

መሀል ስንደርስ፣ ሳትዞር፣ «ሞላ» አለችው።

«እመት።»

«ልጄ ሲወድቅ ምን አለ?»

ዘንጉ ቆመ። ይኸን ጥያቄ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድም ሰው፣ አንድም ሽማግሌ አልጠየቀውም። ዞሬ አየሁት፤ ፊቱ ዐመድ ሆኗል።

«ውኃ፣ አለ።»

«ሰጠኸው?»

«አልሰጠሁትም» አለ ሞላ። «ፈርቸ ሮጥሁ።»

ምነው በዋሸ! ምነው አጠጣሁት ባለ! ማን ያየበታል? እኔ በሱ ቦታ ብሆን ምዬ ተገዝቸ ሰጠሁት ባልሁ። ግን ያ ልጅም እንደሷ ሆነ፤ እዚህ ላይ መዋሸት አልሆነለትም። የእትየ ጠጄ ትከሻ ወደታች ወረደ። ያኔ ነው እኔ ተስፋ የቆረጥሁት። አሁንስ አለቀ፣ የሚመጣውም የማይመጣውም ጳጉሜን አብሮ አለቀ አልሁ በልቤ።

ቤቱ በሴቶች ተሞልቷል። እትየ አንጓች መደብ ላይ ተጋድማለች፤ አጥንትና ቆዳ ቀርታለች። «መጣሽ?» አለች።

«መጣሁ። እንዴት ነሽ፣ አንጓች?»

«ነፍሴ አልወጣ አለች እቴ።»

እትየ ጠጄ አጠገቧ ተቀመጠችና እጇን ያዘች። እነዚያ ሁለት ሴቶች ሲነካኩ ከዚያ በፊት ያየ የለም። «አንችን ምን ቀን ተቀይሜሽ አውቃለሁ? ምን አደረግሽኝና? እናት ነሽ» አለቻት።

«እኔንማ ተይኝ» አለች አንጓች። «ልጄን ነው። እኔ ስሄድ ማን አለው? ይቅር ሳይባል ጥየው እንዴት ልሂድ? ነፍሴን ይዛ ያስቀረቻት ይኸች ነገር ናት። ስለ ወላዲት አምላክ፣ ይቅር በይልኝ።»

ሴቶቹ አለቀሱ። «በይላት ጠጄ! ምን አለበት? በአፍሽ እንኳ ቢሆን በይላት!» ይላሉ። ሞላ በሩ ላይ ቆሟል፤ ልብሱ ውኃ ያንጠባጥባል። እትየ ጠጄ አየችው። ከዚያ በእጇ ውስጥ ያለችውን የአንጓችን እጅ አየች። ምን እንደምታስብ አወቅሁ፤ ልጄ ውኃ እያለ፣ ይኸ ሮጠ። ፊቷ ላይ አንዲትም የምሕረት ምልክት አልነበረም፤ ነበረ ብል ውሸት ነው። ላብ ብቻ ነው ያየሁት።

«ሞላን ይቅር ብየዋለሁ» አለች።

አንጓች ዓይኗን ገለጠች። «ለእግዚአብሔር በይ።»

ኧረ እግዚኦ! ለሰው መዋሸት አንድ ነገር ነው። ይኸች ሴት ግን በዚህ ስም ላለመዋሸት ነው ያን ሁሉ ዘመን ከቁርባን የራቀች፤ በዝናብ የተደበደበች፤ ጉልበቷን የላጠች። አሁን አትለውም ብየ ጠበቅሁ። አንጓች ትንፋሿ እየተቆራረጠ ዓይን ዓይኗን ታያታለች።

እትየ ጠጄ ዓይኗን ጨፈነች።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች።

ቤቱ በእልልታና በልቅሶ ተደበላለቀ። አንጓች «ተመስገን» አለች፤ ፈገግ ያለች መሰለኝ። ከዚያ ብዙም አልቆየች፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ እጇ በጠጄ እጅ ውስጥ እንዳለ ቀዘቀዘ። ዓይኗን የከደነችላት ጠጄ ናት። ገላዋንም ከሴቶቹ ጋር ያጠበቻት እሷ ናት።

ስንመለስ መሽቶ ሊጨልም ነበር። በየጉብታው የዘመን መለወጫው ችቦ መለኮስ ጀምሯል፤ የልጆች ዘፈን በውኃው ላይ ይመጣል። ሞላ መሀል ሲደርስ ዘንጉን አኖረና ተንበረከከ፤ እግሯን ሊስም።

«ተነሥ፤ ታንኳው ይገለበጣል» አለችው።

«እትየ፣ እግዜር ያክብርልኝ። እኔ ከንግዲህ ...»

«አታመስግነኝ። ላንተ አላልሁም።» ድምፅዋ የሷ አይመስልም። «ለእናትህ ነፍስ ነው የዋሸሁት። ልቻል ብየ ነበር የመጣሁት፤ ውኃ አለ፣ ሮጥሁ አልኸኝ። ከዚያ ወዲያ ከየት ላምጣው? አልቻልሁም ሞላ። ዛሬም አልቻልሁም።»

«ዐውቄያለሁ» አለ ሞላ። «ሲሉት ዓይንዎን ጨፍነው ነበር። ቢሆንም እናቴ ዐረፈችልኝ።»

«እንግዲያስ ለማንም እንዳትናገር። እናትህን ታርቃ ሞተች ይበሉላት፤ እዚያም ሄዳ ታርቄያለሁ ትበል። ግፋ።»

ገፋ። እስከቤታችን አደረሰን።

በማግሥቱ የዮሐንስ ዕለት ወሬው በሙላቱ ላይ እንዴት እንደተሻገረ እንጃ፤ ጠጄ ይቅር አለች ተብሎ ከየጉብታው እልልታ ይሰማል። ረፋዱ ላይ መምሬ ይሁኔ ልብሳቸውን እስከ ጭናቸው ሰብስበው፣ ከታንኳ ወርደው የዳሩን ጥልቅ ያልሆነ ውኃ በእግራቸው እየሰነጠቁ መጡ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። «እንኳን አደረሰሽ! እንኳን ለዚህ አበቃሽ ልጄ!» እያሉ መስቀላቸውን አሳለሟት። «በሚመጣው ሰንበት ትቆርቢያለሽ፤ እኔው ራሴ ነኝ የማቆርብሽ።»

እኔ ልወጣ ስል «ተቀመጭ፤ አንችም እዚያው ነበርሽ» አለችኝ። ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው። ውኃውን፣ የሞላን መልስ፣ አንጓችን፣ የመጨረሻዋን ቃል። ሳትጨምር ሳትቀንስ።

መምሬ ይሁኔ ቀስ ብለው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ይቆጣሉ ብየ ስጠብቅ አልተቆጡም። «ቁረቢ» አሏት። «እኔ ልጠየቅበት። በኔ አንገት ይሁን። ቁረቢ።»

«አይ አባቴ» አለች። እንዲህ ደክሟት አላየኋትም። «ድሮ ኀጢአቴ አንድ ነበር፤ አሁን ሁለት ሆነብኝ። ያልማርሁትን ማርሁ አልሁ፤ ያውም በስሙ፤ ያውም ዘመን ሊለወጥ ሲል። ድሮ እውነቱ ነበረኝ፤ እሱንም ሰጠሁት። ምን ይዠ ልቅረብ?»

መምሬ ተነሡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞሩና፣ ያ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ የሚሳለማቸው ሽማግሌ ቄስ፣ ጥምጣማቸውን በአንድ እጃቸው ደግፈው ለዚያች ቅቤ ነጋዴ ጎንበስ አሉላት። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር።

«ጠጄ፣ በጸሎትሽ አስቢኝ» አሏት።

እትየ ጠጄ ፊቷ ተለዋወጠ። በጥፊ የተመታች መሰለች። «እርስዎም ይሳለቁብኛል አባቴ?» አለቻቸው።

«አይደለም ልጄ፣ አይደለም» አሉና ወጥተው ውኃው ውስጥ ገብተው ሄዱ። እኔ ከልባቸው እንደነበረ ላስረዳት ሞከርሁ። በዚያም ቀን፣ በሌላም ዓመት፣ በጳጉሜንም በሌላም ጊዜ ሞከርሁ። አልሰማ አለችኝ። መምሬ ይሁኔ ያን ቀን እንደተሳለቁባት እንዳመነች ሞተች።